ሠላሳ ደቂቃ ተቀምጣለች

ጓደኛዬ ከሩሲያ ያመጣችውን ሣጥን ከሆስፒታሉ በር እስከ ክፍሉ ድረስ በአንድ ወገን የያዝኩላት እኔ ነኝ። በሌላው ወገን እሷ ይዛለች። ከስድስት ዓመት በኋላ ስንገናኝ ገና ተሳስመን ሳንጨርስ «ያዥልኝ እስቲ፤ ቀስ በዪ፣ እንዳይንገጫገጭ» አለችኝ። ያዝኩላት። ውስጤ ግን «ምናለ ከእጄ ቢያመልጥ» ይል ነበር። ክፋቴን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ኋላ «ምስኪን» ተብሎ እንዳይታዘንልኝ።

ልጆች ሳለን በአንድ ዴስክ ነው የተማርነው። አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርኩ። እሷ ሦስተኛ፣ ሲከፋም አምስተኛ ትወጣለች። የሂሳብ የቤት ሥራ የምትገለብጠው ከእኔ ደብተር ነበር፤ ስትገለብጥ እንኳ ትሳሳታለች። የውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል ሲመጣ ግን ስንተኛ ወጣሽ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የተጠየቅነው የቀበሌ ደብዳቤ ነው። የእሷ አባት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ይሠሩ ስለነበር «የላብ አደር ልጅ» ተብላ ተጻፈላት። የእኔ አባት መሪጌታ ናቸው፤ ከከተማችን ሐይቅ ዳር ባለ ደብር ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ። ደብሩ መሬት ነበረው፤ ስለዚህ እኔ «የአድኃሪ ልጅ» ሆንኩ። አባቴ ከዚያ መሬት የሚደርሳቸው ለዓመት ቀለብ እንኳ እንደማይበቃ የቀበሌው ሊቀ መንበር አሳምሮ ያውቅ ነበር።

እሷ ወደ ሶቪየት ኅብረት በረረች፤ እኔ ነርስነት ደረሰኝ። ነርስነትን አልጠላሁትም። የጠላሁት በረዶ ላይ ቆማ የምትልክልኝን ፎቶግራፍ ነው። እያንዳንዱን መላልሼ አይቼ፣ የቦት ጫማዋን ማሰሪያ ሳይቀር መርምሬ፣ ፍራሽ ሥር እከተዋለሁ። ደብዳቤዋን ስመልስ ደግሞ «በጣም ደስ ብሎኛል እህቴ» እያልኩ ነው። እንዲህ ዓይነት ውሸት ለመድኩ፤ በኋላም የጠቀመኝ መስሎኝ ነበር።

ስትመለስ እኔም ባዶ እጄን አልጠበቅኳትም። የሴቶች ክፍል ነርስ ነበርኩ። ሐኪሙ ዕጢ የጠረጠረባትን ሴት ሁሉ መጀመሪያ እኔ እንድዳስስለት ያደርጋል። ጡት የሚዳሰሰው በሦስት ጣት ነው፤ ከብብት ተጀምሮ በክብ፣ በክብ እየተጠበበ ወደ ጫፉ። የሚያጠባ ጡት ሲጓጉል፣ መግል ሲቋጥር፣ የወር አበባ ሲቀርብ ሲያብጥ፣ ሁሉም ለየራሱ ነው። ያ ክፉው ደግሞ ከሥር ተቀብሮ፣ ሲገፉት የማይሸሸው ነው። ጣቴ ይለየዋል። ከማክሰኝት ድረስ በአውቶቡስ የመጡ ሴቶች «ያችን ሲስተር ጥሩልን፣ ወንድ አይንካን» ብለው በር ላይ ይቀመጡልኝ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር። ሌላ የምኮራበት ነገርም አልነበረኝም።

ታዲያ ሣጥኗን በከፈተች ቀን ልቤ ስንጥቅ አለ። ውስጡ ጠቋሚ ዘንግ ያለበት ብረት ለበስ ሬዲዮ የሚመስል ነገር አለ፤ ከሱ ወፍራም ገመድ ይወጣል፤ በገመዱ ጫፍ ከሻይ ብርጭቆ አፍ የማይሰፋ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ አንቴና ታስሯል። በቃ ይኸው ነው። የመመረቂያ ሥራዋ ነበር። ከተማችን ባለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት እንድታስተምር ተመድባ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ደግሞ በሆስፒታላችን እንድትሞክረው ተፈቀደላት።

«ይኸ እንደ ራጅ ጨረር አይሰድም» አለችኝ። «ዝም ብሎ ይቀበላል እንጂ። ሙቀት ያለው ገላ ሁሉ ማይክሮዌቭ የሚባል ሞገድ ይለቃል፤ ዓይን አያየውም። ከቆዳው ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ከሥር ከሥጋው ጭምር ነው የሚመጣው። ዕጢ ያለበት ቦታ ከጤነኛው ይሞቃል። በግራ ጡት ዘጠኝ ቦታ፣ በቀኝ ጡት ዘጠኝ ቦታ እለካለሁ፤ ሁለቱን አስተያያለሁ። አንዱ ወገን ብልጫ ካለው እዚህ ጠቋሚው ላይ አየዋለሁ።»

«እጅስ?» አልኳት።

«እጅ የሚያገኘው ካደገ በኋላ ነዋ» አለች፣ ገመዱን እየፈታች። ልትጎዳኝ ብላ አይደለም። ልትጎዳኝ ብትል ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እንጣላ ነበር።

በሳምንቱ ከጸጥታ ቢሮ አንድ ካኪ የለበሰ ሰው መጣ። መሣሪያው ከወንበዴ ጋር የሚያነጋግር መሆን አለመሆኑን ሊያጣራ ነው። አንቴናውን ጆሮው ላይ ደግኖ ረጅም ጊዜ ቆየ። «ምንም አይልም» አለ በመጨረሻ፣ ቅር ብሎት። «ጤነኛ ስለሆኑ ነው» አለችው እሷ። ሳቀ፤ ፈረመላት። እኔ ብሆን ኖሮ ያ ሰው ሦስት ቀን ያመላልሰኝ ነበር ብዬ እሱንም ቆጠርኩባት።

ግድግዳው ላይ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ ደንብ ለጠፈች። ተመርማሪዋ ከወገቧ በላይ ልብሷን አውልቃ በክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ ትቀመጥ፤ በዚያ ቀን ገላዋን አትታጠብ፤ ቅቤም ሆነ ቅባት አትቀባ። ገላው የክፍሉን አየር ካልለመደ፣ ከውጭ የቀዘቀዘው ወይም የሞቀው ነገር ከውስጡ ጋር ተደባልቆ ያሳስታል። ያስረዳችኝ ራሷ ናት፤ ሁለት ጊዜ፤ እኔም ገብቶኛል። ሥራዬ ሴቶቹን ከመጋረጃው ጀርባ ማዘጋጀት፣ ማስቀመጥና ሰዓት መያዝ ሆነ። ጣቴ የከበረበት ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ያዥና ሰዓት ቆጣሪ ሆኜ ቀረሁ።

ሴቶቹ ወደዷት። አንቴናውን ከማስነካቷ በፊት በመዳፏ ይዛ ታሞቀዋለች፤ ልጆቻቸውን በቁጥር ትጠይቃለች። አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ይኸ ዕቃ በልቤ ያለውንም ይሰማል ወይ?» አሏት። «አይ፣ እሱን አይሰማም እናቴ» ስትላቸው «ተመስገን!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም መጋረጃውን ይዤ ቆሜ በሆዴ ተመስገን አልኩ።

አሁን እህቴን ላምጣት። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን የሞተችው እኔ በአራት ዓመቴ ስለሆነ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እኔ ከፍ እስክል ብላ ዘግይታ ነው ያገባችው። ባሏ ቄስ ናቸው፤ ዘንዘልማ፣ ያኔ ዙሪያው እርሻ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ ቤት ሠርተው እየቀደሱና እያረሱ ይኖራሉ። ጓደኛዬን በልጅነታችን ከእኔ ጋር በአንድ ሳህን ታበላን ነበር። ለእሷ የምታጎርሳት ጉርሻ ከእኔ ይተልቅ ነበር። እንግዳ ስለሆነች ነው ይባላል። እኔ ግን እቆጥር ነበር።

አንድ የቅዳሜ ገበያ ቀን እህቴ ከእኔ ቤት አርፋ ገላዋን ስትታጠብ ጀርባዬን እሺኝ አለችኝ። ስታጎነብስ የግራ ጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ ተስቦ አየሁት። «ቆዪ እስቲ» ብዬ ዳሰስኩ። ከጫፉ በላይ፣ ወደ ብብቷ ባለው በኩል፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጣር ነገር አለ። ገፋሁት፤ አልሸሸም። ሳሙናው እጄ ላይ ደረቀ።

«እታለም» አልኳት፤ ድሮም እንዲህ ነው የምጠራት። «ይኸ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሐኪም ይይሽ፤ አዲስ አበባ ሄደሽ ይውጣ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ የኔ ሐኪም የሆንሽው?» ብላ ሳቀች። «ይቺን እጅ'ኮ አፈር ስትዝቅ ያጠብኋት እኔ ነኝ።»

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ከማክሰኝት የሚመጡት ሴቶች የሚሳሉለት እጄ ለእህቴ ያው ንፍጤን የምጠርግበት እጅ ነበር። ለመንኳት፤ ተቆጣኋት፤ አለቀስኩ። በመጨረሻ የተስማማችው እንዲህ ብላ ነው፦ «ሰባት ቀን እጠመቃለሁ። ከዚያ ያቺ ልጅ ትየኝ፤ መሣሪያ አምጥታለች አሉ። እሷ አለብሽ ካለችኝ አዲስ አበባም ቢሆን እሄዳለሁ።» እሷ ካለችኝ! እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም፤ ከዕጢው ይልቅ «እሷ ካለችኝ» ያለችው ነው የተናነቀኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ሰባቱን ቀን እኔ ቤት እያደረች ከከተማው አፋፍ፣ ሐይቁ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን ጠበል ትጠመቅ ነበር። ቀጠሮዋ ሐሙስ ሆነ። ረቡዕ ማታ «ነገ ምንም እንዳትነኪ፤ ውሃ የሚባል ገላሽን እንዳይነካው» አልኳት። «እሺ» አለችኝ። እኔ ለሥራ ማልጄ ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ቀሚሷን ከትከሻዋ ሳወርድላት ነጠላዋ እጄን አረጠበው። ጡቷን ነካሁት። ቀኙ ለብ ያለ ነው። ግራው ከወንዝ እንደወጣ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ ቆዳው በርዶት ተኮማትሯል፤ በእጥፋቱ ሥር ግራጫ የአፈር መሥመር ቀርቷል። እምነት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰደው የተባረከ አፈር፣ በጠበል ተለውሶ።

«እታለም፣ ጠበል ሄድሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ዝም በይ። ሰባተኛዬን ላጉድል? እምነቱንም እዚያው ለጥፌ፣ በርጥብ ነጠላ አስሬው ነው የመጣሁ። አሁን በር ጀርባ ጠረግሁት፤ ያልተጠመቀ ዕቃ እንዳይነካብኝ።»

አስቀምጫት፣ ሌሎቹን አዘጋጅቼ ስመለስ ሰዓቴን አየሁ። ከተቀመጠች ስምንት ደቂቃ ሆኗታል። ማድረግ የነበረብኝን አውቀዋለሁ፤ «ማክሰኞ ትምጣ» ማለት ነበር። አምስት ቀን ነው። አምስት ቀን ምን ነበረበት?

በዚያች ቅጽበት ጓደኛዬ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና «እትዬ! መጡልኝ? ያችን የርስዎን ሽሮ ፍትፍት ሩሲያ ሆኜ ስንት ቀን እንዳለምሁ ቢያውቁ!» አለች። የእህቴ ፊት በራ። ሳምንቱን ሙሉ ሳለቅስላት፣ ስለምናት ያልበራ ፊት፣ በአንድ የሽሮ ወሬ በራ። ከዚያ ያሰብኩት ነገር ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው፦ ይሳሳት። ይኸ ከሩሲያ የመጣ ጉድ በሐኪሙ ፊት ይሳሳት። ሐኪሙ እንደሆነ ጣቴን ያምናል፤ በእኔ ቃል አዲስ አበባ ይልካታል፤ እዚያ ሲቆረጥ ዕጢው ይገኛል፤ ያን ጊዜ ማን ልክ እንደነበረ ይለያል። ዕጢው ስለ መኖሩ ጥርጣሬ ስላልነበረኝ እህቴን የምጎዳት አልመሰለኝም። እህቴ «እሷ ካለችኝ እሄዳለሁ» ያለችውን ሰምቻለሁ፤ ካላለቻትስ የሚለውን ላስብበት አልፈለግኩም።

«ሠላሳ ደቂቃ ሞላ?» አለች ጓደኛዬ።

«ተቀምጣለች» አልኩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። መጋረጃው ተገለጠ፤ አንቴናውን በመዳፏ አሞቀችና ጀመረች። በቀኝ ዘጠኝ፣ በግራ ዘጠኝ፤ እየለካች ወረቀት ላይ በተሳሉት ነጥቦች አጠገብ ትጽፋለች። ከግራው በአንዱ ቦታ ላይ ቆመች፤ ደገመችው፤ ግንባሯን ቋጠረች። «የኔ እናት፣ ዛሬ ታጥበዋል እንዴ?»

«ኧረ አልታጠብሁም ልጄ» አለች እህቴ። አልዋሸችም። በእሷ ዘንድ ጠበል መጠመቅ መታጠብ አይደለም፤ መታጠብ በሳሙና ነው፤ ለቆሻሻ ነው። አገሩን ለስድስት ዓመት የተለየችው ጓደኛዬ ጥያቄውን በሌላ መንገድ መጠየቅ ረሳች። እኔ አልረሳሁም፤ ቅዝቃዜው የዕጢውን ሙቀት እንደሸፈነውም አውቃለሁ፤ እዚያው ቆሜያለሁ፤ አፌ ግን ተለጉሟል።

«በሁለቱ መካከል ልዩነት አላየሁም» አለች በመጨረሻ። «ግን እትዬ፣ ይኸ ገና ሙከራ ነው። የእህትዎ ጣት ብዙ ያውቃል። እሷ አለ ካለች ሐኪሙ ይዩዎት።» እንዲህ አለች፣ በፊቴ፣ ለእኔ ብላ። እህቴ ግን የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እልል ብላ ጎንበስ አለችና ያን ያልተጠመቀ ዕቃ ሳመችው።

ሐኪሙ እንዳሰብኩት በእኔ ጣት አምኖ «አዲስ አበባ ትሂድ» ብሎ ጻፈ። እህቴ ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው፤ ከዚያ ወዲያ አላወጣችውም። ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዕጢው ነበር፣ ጠበሉ አጠፋው፣ መሣሪያው መሰከረ። ባሏ በሰንበት ለምእመናን ተናገሩት፤ እግዚአብሔር የለም ካሉት ሰዎች አገር የመጣ ዕቃ እንኳ የጠበሉን ኃይል መሰከረ ብለው። የዘንዘልማ ሴቶች ጓደኛዬን ፍለጋ ጎረፉ። አሸንፋታለሁ ባልኩበት ቀን አነገሥኳት።

በየቅዳሜው እየመጣች፣ በየቅዳሜው እንጣላለን። «እታለም፣ አልጠፋም፤ ዳብሺው፣ ራስሽ ንኪው» እላታለሁ። አንድ ቀን ዘንቢሏን አስቀምጣ ቀጥ ብላ አየችኝ። «አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ትቀኚባታለሽ» አለችኝ። «ጉርሻዋን ስትቆጥሪ የማላይሽ ይመስልሻል? አሁንም እሷ ያለችው ልክ ሆኖ ስለተገኘ ነው የከፋሽ። እኔን ግን በናንተ መካከል አታስገቢኝ።» እውነት ስናገር ውሸት የሚመስልብኝ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሠላሳ ደቂቃ አልሞላም ነበር ብል ታምነኝ ነበር፤ ግን ያን ብል እህት የማጣው እኔ ነኝ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ከጥምቀት ማግሥት እስከ ግንቦት ዋልኩ። በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል፣ የኔ በሽታ የሌላ ሰው ገላ ላይ ነበር።

ግንቦት ላይ ራሷ «እስቲ እይው» አለችኝ። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተቦርቡሯል፤ ብብቷ ውስጥ ሁለት ሌሎች ወጥተዋል። «ጠበሉን አቋርጬ ስለተውሁት ይሆን?» አለችኝ። እኔ ወጥቼ ሄድኩ።

ጓደኛዬን ያገኘኋት ከትምህርት ቤቱ ስትወጣ ነው። የሐይቁን ዳር ይዘን እየሄድን ሁሉንም ነገርኳት፤ እምነቱን፣ ርጥቡን ነጠላ፣ ስምንቱን ደቂቃ። ለምንስ ስትለኝ «ስለምቀናብሽ» አልኳት። ይህን ቃል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ያኔ ተናገርኩ። ቆመች። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሳ አጥማጆች ታንኳቸውን ወደ ደረቅ እየሳቡ ነበር፤ እነሱን ታያለች።

«ጠይቄሽ ነበር'ኮ» አለች።

«ጠይቀሽኛል።»

«እትዬ ካወቀች አታምንሽም። ካላመነችሽ ደግሞ ማን ያስታምማታል? ባሏ?» ትንሽ አሰበች። «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ እላታለሁ።»

በነጋታው በእግራችን ዘንዘልማ ሄድን። እህቴ ፊት ቁጭ ብላ «እትዬ፣ መሣሪያዬ ተሳስቷል። የእህትዎ እጅ ነው ልክ» አለቻት። እህቴ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብሰብ አደረገች። «ጠበሉስ?» አለች በመጨረሻ። «ጠበሉ ምን አጠፋ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።» ባሏ አንገታቸውን ደፉ። እህቴ በዚያው ሳምንት የይለፍ ወረቀት ወጥቶላት አዲስ አበባ ወረደች። አብሬያት ሄድኩ። ጡቷን ቆረጡት። የቆረጣት ሐኪም ውጭ ጠርቶ ዘግይታችኋል አለኝ። ስንት ወር እንደዘገየን ስነግረው እንደ ለመደው አንገቱን ነቀነቀ፤ የገጠር ሰው ሁሌም ይዘገያል ብሎ ነው።

ስንመለስ ሆስፒታሉ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ጠርቶ ደረስን። በዚያ ዘመን ያጠፋ ሰው በጓዶች ፊት ቆሞ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናዘዛል፤ ከዚያ ሌላው ይጨምርበታል። ጓደኛዬ ተነሣች። መሣሪያው አንዲትን ታማሚ ነጻ ናት ብሎ እንዳሳሳተ፣ ኃላፊነቱም የእሷ እንደሆነ ተናገረች። የታማሚዋ ገላ ቀዝቅዞ ነበር ማለት ትችል ነበር፤ ያን ብትል ማን አዘጋጃት የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አላለችም። አንዱ የሕዝብን ጤና መጫወቻ አደረገች አለ፤ ሌላው የግል ዝና ፈላጊ ናት አለ። ሰብሳቢው «የሚጨምር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ በእኔም በኩል አየ። የደመደሙት ሙከራው እንዲቆም ነው። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ምን እያሰብኩ እንደነበር ልናገር? አቋቋሟን ነው። ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ እንዲያ ቀጥ ብላ መቆሟን። እኔ ያጠፋሁትን ተሸክሜ እንኳ እንዲያ ልቆም እንደማልችል አውቄ፣ ቀናሁባት።

ክረምቱን እህቴ እኔ ቤት ተኛች። ጓደኛዬ ከሥራ መልስ በየቀኑ ትመጣለች፤ ዝናቡ ሲይዛት ውሃ እያንጠባጠበች ትገባለች። ቁስሏን የማጥበው እኔ፣ የምታበላት እሷ ናት። ከእኔ እጅ አልበላም ያለችውን ምግብ ከእሷ ስትበላ ያ ሁሉ ሆኖ እንኳ ያንገበግበኝ ነበር። ቅናት አያፍርም።

ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ሁለታችንንም አጠገቧ አስቀመጠችን። ድምጿ ሰልሏል። መጀመሪያ ወደ እሷ ዞረች።

«አልተቀየምሁሽም ልጄ። ዕቃ ነው፤ ዕቃ ይሳሳታል።»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ» አለች ጓደኛዬ። እንባዋ ይወርድ ነበር።

ከዚያ እህቴ እጄን ያዘች። «አንቺ ግን ያኔውም አውቀሽው ነበር። ስትነግሪኝ ቅናት ነው ብዬ ስምሽን አጠፋሁ። ኃጢአቴ እሱ ነው፤ እሱን ይዤ ልሂድ አልፈልግም። ይቅር በይኝ።»

ጓደኛዬ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ አልለመነችም፤ ብቻ ጠበቀች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እህቴ እጄን ለቀቅ ጠበቅ እያደረገች ዓይኔን ታያለች። መናገር የምችልበት የመጨረሻው ሰዓት እንደነበረ ያኔም አውቄዋለሁ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ዐረፈች።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት።